ለውሻው የተከደነው ቦይ

ይህን የምጽፈው መሪ ውሻ፣ ማለትም ዓይነ ስውርን መንገድ የሚመራ የሰለጠነ ውሻ ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ከውጭ ለሚመጣበት ሰው ነው። ብዙ አትሆኑም፣ አውቃለሁ። ግን እኔ ሲገጥመኝ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ተቸግሬ ነበር። ስለዚህ የሆነውን፣ ያበላሸነውንም ጨምሬ ልንገራችሁ። ውሻ የማትወዱም ብታነቡት አይከፋም፤ ግማሹ ወሬ ስለ ውሻ አይደለም።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አስተማሪ ነኝ። አራት ዓመት ሳይሞላኝ ኩፍኝ ዓይኔን ወሰደው። ብርሃን ምን እንደሚመስል አላስታውስም፣ የጥርን ውርጭ ግን ጠዋት በር ስከፍት በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ። ነጭ በትር ይዤ ብቻዬን መሄድ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። የምጽፈው በስልኬ ነው፤ የጻፍኩትን በዚያ በቆርቆሮ ድምፁ መልሶ ያነብልኛል። የፊደል ግድፈት ካገኛችሁ ተጠያቂው እሱ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው ያለው። አብረን ነው ያደግነው፤ ልጅ ሆነን እጄን ይዞ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነበር። እዚያ ከሄደ በኋላ ግላኮማ የእሱንም ዓይን ቀስ በቀስ ወሰደው። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የእናቱ ሙት ዓመት ደረሰ። ደወለና «እመጣለሁ፣ ግን ብቻዬን አይደለም» አለኝ። አግብቶ መስሎኝ እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

«ውሻዬን ይዤ ነው» አለ።

አፌን ዘጋሁ። የአክስቴ ተዝካር፣ ገጠር፣ ድንኳን ሙሉ ሰው፣ አጥንት በየቦታው፣ ውሻ። አስቡት እስቲ።

እኛ ዘንድ ውሻ ማለት አጥር ጠባቂ ነው። ወይ ከበግ ጋር ይውላል፣ ወይ ታስሮ ሲጮህ ያድራል፣ ወይ መንገድ ላይ ድንጋይ ይወረወርበታል። ቤት አይገባም። ሰው መስደብ ስንፈልግ የምንጠራውም እሱን ነው። እኔ ራሴ በልጅነቴ ተነክሼ ስለነበር የውሻ ጩኸት ስሰማ ጉልበቴ ይከዳኛል። ስለዚህ ከሰው ሁሉ በፊት ማሳመን የነበረብኝ ራሴን ነው።

የአክስቴ ልጅ በየማታው እየደወለ ያስተምረኝ ጀመር። መሪ ውሻ ቡችላ ሳለ በጎ ፈቃደኛ ቤተሰብ ዘንድ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያድጋል፤ ሰው፣ መኪና፣ ደረጃ፣ ግርግር ይለምዳል። ከዚያ አሰልጣኝ ለወራት ያሰለጥነዋል። መጨረሻ ላይ ከዓይነ ስውሩ ጋር ይገናኝና ሁለቱ አብረው ለሳምንታት ይማራሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በእነሱ አቆጣጠር በ1916 ጀርመን ውስጥ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ተብሎ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አሜሪካ ደግሞ በ1929። ዛሬ መስማት ለተሳናቸው የበር ደወልና የልጅ ለቅሶ የሚነግር፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የወደቀ ዕቃ የሚያነሳና በር የሚከፍት ውሻም አለ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ውሻው የት እንደሚሄድ አያውቅም! «ቡና ቤት ውሰደኝ» ሲሉት የሚወስድ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። መንገዱን የሚያውቀው ሰውየው ነው። ውሻው የሚያውቀው አደጋውን ነው። ጉድጓድ ካለ ያዞረዋል፣ ደረጃ ሲደርስ ይቆማል፣ በሰውየው ራስ ቁመት የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ካለም ያርቀዋል። ነጭ በትር ይህን የመጨረሻውን አይችልም፤ ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው። ውሻው የትራፊክ መብራትም አያነብም። መኪና አለመኖሩን በጆሮው ሰምቶ «ሂድ» የሚለው ሰውየው ነው። መኪና እየመጣ ከሆነ ግን ውሻው ትእዛዙን እምቢ ይላል። እምቢ ማለትን ሰልጥኖ ነው የሚመረቀው። ተማሪዎቼ ትዝ አሉኝ፣ እነሱ ያለ ስልጠና ነው የሚችሉት።

ወረቀቱ ላይ እንዳትዘናጉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃና የእንስሳት ሐኪም የጤና ምስክር ወረቀት ሳይዙ መነሳት አይታሰብም። የበለጠ የሚያስቸግረው ደግሞ መመለሻው ነው። አሜሪካ ኢትዮጵያን የውሻ እብደት በሽታ ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች፤ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ደግሞ ደንቡን አጥብቃዋለች። ውሻው ማይክሮቺፕ ሊኖረው ይገባል። እዚያው አሜሪካ የተከተበ ከሆነ ክትባቱን የሚመሰክረው ቅጽ ከመነሳቱ በፊት ተሞልቶ በመንግሥት መረጋገጥ አለበት። እዚህ ደርሶ ትዝ ካለው ጣጣው ብዙ ነው።

ከዚያ ወደ ሰፈሬ ሰው ዞርኩ። የት ልጀምር? ቀበሌ? ማዘጋጃ ቤት? በደብዳቤ መሮጥ ታክቶኛል። እድር ሄድኩ። የእድራችን ዳኛ የድሮ ወታደር ናቸው። «ልጄ፣ እድር የሰው ነው፣ የውሻ እድር ሰምቼ አላውቅም» አሉኝ እየሳቁ። ግን በወሩ ስብሰባ አስር ደቂቃ ሰጡኝ።

አስሩን ደቂቃ አበላሸሁት። አስተማሪ አይደለሁ? በብሬል ጽፌ ይዤ ቀረብኩ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ 676 አጽድቃለች፣ አንቀጽ 9 እንዲህ ይላል፣ አንቀጽ 20 እንዲህ ይላል እያልኩ። ሳል በዛ። ወንበር ተንቋቋ። ከኋላ አንድ ሰው «እና ውሻ ይላል?» ብሎ ጠየቀ። አይልም። ስምምነቱ እንደ ልብ ለመንቀሳቀስ ስለሚያስፈልጉ መሣሪያዎችና ሕያው ረዳቶች ያወራል እንጂ ውሻ የሚል ቃል የለበትም። «አይልም» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሳቁ ሲበርድ አንዲት እናት ተነሡ። «እኔ አልሳቅሁም» አሉ። «የወንድሜን ልጅ የገደለው እብድ ውሻ ነው። ውኃ ሲያይ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አሁን ከልጆቼ ጋር በአንድ መንገድ ውሻ ይሂድ ነው የምትይኝ?»

ወረቀቴን አጠፍኩ። ምን ልበል? ልክ ናቸው። እኛ አገር ውሻን መፍራት አጉል ፍራቻ አይደለም፣ በሽታው አለ፣ ይገድላል። «እማማ፣ እኔም ተነክሼ አውቃለሁ፣ እኔም እፈራለሁ» አልኳቸው። ሰው መስማት የጀመረው ያኔ ነው። ስለዚህ እናንተ ስትሞክሩ ከአዋጅ አትጀምሩ። ከፍርሃቱ ጀምሩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ የእንስሳት ሐኪም ለምኜ ይዤ ሄድኩ። የተከተበ ውሻ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳ። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር እንደሚገባ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ማዳን እንደማይቻል ነገረን። ስለ ፀበል ተጠየቀ። «እኔም ፀበል እጠመቃለሁ፣ ግን ሳሙናውና መርፌው ይቅደም» አለ። ጎበዝ ልጅ ነው። በዚያ ሳምንት ስድስት ጎረቤቶቼ ውሻቸውን አስከተቡ።

የአክስቴ ልጅ ከሰፈሩ የፈለገው ትንሽ ነገር ነው። ውሻው ሰውየው የሚይዘው መያዣ ጀርባው ላይ ካለ ስራ ላይ ነው፤ አትጥሩት፣ አትንኩት፣ አታብሉት። ማውራት ከፈለጋችሁ ሰውየውን አውሩት። መያዣውን ይዛችሁ አትጎትቱ፣ መሪውን ከሹፌር እጅ እንደመንጠቅ ነው። የሰፈሩ ውሾች ደግሞ ጠዋትና ማታ ይታሰሩ። ስሙን ግን አልነገረንም። ስሙን ያወቀ ሁሉ ይጠራዋል፣ ሲጠሩት ስራው ይበታተናል። እኔም እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ቦዩ ላይ ደረስን። በሰፈሬ መንገዶች ላይ ሦስት ቦታ ክፍት ቦይ ነበር። አንዱ በራችን ላይ፣ አንዱ ሱቁ ጋ፣ አንዱ ወፍጮ ቤቱ ጋ። በ14 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ገብቼበታለሁ፣ አንዴ እጄ ተሰብሯል። አመልክቻለሁ። «በበጀት ዓመቱ» ተብያለሁ፤ የትኛው በጀት ዓመት እንደሆነ አልተነገረኝም። ዳኛው ስብሰባው መሀል «ቆይ፣ ይሄ ውሻ ቦዩን እንዴት ያልፋል?» ብለው ጠየቁ። «ያዞረዋል ግን ቦታው ጠባብ ነው» አልኩ። «የሰው አገር ውሻ እዚህ ገብቶ ቢሰበር ምን እንባላለን!» አለ አንዱ። እዚያው መዋጮ ተጀመረ። በሳምንቱ ሁለቱ ቦዮች በኮንክሪት ተከደኑ።

ደስ አለኝ? አለኝ። ማታ ግን አልቅሻለሁ። አራት ጊዜ የወደቅኩት እኔ ነኝ።

የመምጫው ዋዜማ ዳኛው ጡሩምባ ነፊውን «ነገ ውሻ እሰሩ ብለህ ለፍፍ» ብለው ላኩት። ሰው ጡሩምባ ሲሰማ መቼም መርዶ ነው። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። «ማን ነው? ማን ሞተ?» «ማንም፣ ውሻችሁን እሰሩ!» አንዷ ጎረቤቴ ድንጋጤዋ ሲለቃት የሰደበችውን ስድብ እዚህ መጻፍ አልችልም።

መጣ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደጋግመን ጠይቀን፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን በኮንትራት መኪና። ውሻው በሩን ወጥቶ አጠገቤ ሲቆም አልጮኸም። ትንፋሹን ብቻ ሰማሁ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ቆምኩ።

ከተማው ውስጥ ያየነውን ሁሉ አልዘረዝርም። ባጃጆች እንቢ አሉ፣ አንዳንዱ እጥፍ ጠየቀ። ተራ አስከባሪው ልጅ ነው የገላገለን፤ ቀድመን አናግረነው ስለነበር «እሱ ውሻ አይደለም፣ ዓይኑ ነው» እያለ ይጮህላቸው ነበር። ሦስት ለውሻ ግድ የሌላቸው ሹፌሮች መርጦ ስልካቸውን ሰጠን። ይህ በጣም ጠቅሞናል፣ እናንተም ከመምጣቱ በፊት ሹፌር አስቀድማችሁ ያዙ። አንድ ካፌ «ደንበኛ ይሸሽብኛል» ብሎ መለሰን፣ ተመለስን። ሌላው ካፌ ጥግ ላይ አስቀመጠን፤ ውሻው ጠረጴዛ ስር ተኛ፣ ማኪያቶ ጠጥተን ስንነሳ አስተናጋጇ «እንዴ፣ እዚህ ነበር እንዴ?» አለች። አንዳንድ ከተማ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት መርዝ የነካው ስጋ የሚጣልበት ጊዜ አለ። እኛ ቀድመን ጠይቀን ነበር። እናንተም ጠይቁ፣ የሚያፍሩበት ጥያቄ አይደለም።

አንድ ቀን አስፋልቱ ዳር ስንሄድ ውሻው ድንገት ቀጥ አለ። «ሂድ» አለው የአክስቴ ልጅ፣ እምቢ። ደግሞ አዘዘው፣ እምቢ። በትሬን ዘርግቼ ፊት ለፊት ስዳስስ በትሩ ወደ ታች ገባ፣ መሬት አላገኘም። ክዳኑ የተወሰደ ጉድጓድ ነበር። ያን ጊዜ ነው ውሻውን የወደድኩት። ምን ልደብቃችሁ፣ ቀናሁም።

ሰፈሩን ከሁሉ ያስደነቀው ግን ይህ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ጠዋት ጠዋት የውሻውን ቆሻሻ በእጁ ዳስሶ በፌስታል አንስቶ ሲጥል ነው። «ዓይኑ የማያይ ሰው ያነሳል፣ ዓይናችን የሚያየው እኛ ልጆቻችንን መንገድ ላይ እናስቀምጣለን» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። የዚያ ወሬ ከእኔ ስብሰባ በላይ ሰርቷል።

ተዝካሩ ከከተማው በአንኮበር መንገድ ወጣ ብሎ ነው። እዚያ ነው ትልቁን ስህተት የሰራነው። ከተማውን እንጂ ገጠሩን አላዘጋጀንም። ከመኪና ወርደን መቶ እርምጃ ሳንሄድ ሦስት የበግ ውሾች መጡብን። የአክስቴ ልጅ ውሻውን ከኋላው አደረገ፣ ወንድሜ ዱላ መዘዘ፣ እረኞቹ እየጮሁ ደረሱ። ማንም አልተነከሰም። ግን ውሻው ቀኑን ሙሉ ሲደነብር ዋለ፣ ስራውም ተበላሸ። መሪ ውሻ በሌላ ውሻ ክፉኛ ከተነከሰ ከነጭራሹ ስራ ሊያቆም እንደሚችል የነገረኝ ያን ዕለት ነው፤ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወደ ገጠር የምትሄዱ ከሆነ አንድ ሰው ቀድሞ ይሂድ፣ በየደጁ ውሻ ያሳስር። ስልክ ብቻ አይበቃም።

ድንኳኑ በር ላይ አንዲት ሴት ክንዴን ያዙኝ፣ በሌላ እጃቸው የአክስቴን ልጅ። «ኑ፣ በዚህ በኩል፣ እግዜር ይማራችሁ» እያሉ ወሰዱን፣ አስቀመጡን። መሬት ላይ። ትንሽ ቆይቼ በዙሪያዬ ያለውን ድምፅ ሳዳምጥ ገባኝ። ነዳያን መሀል ነው ያስቀመጡን። ለምጽዋት።

ድንኳኑን ያስተከለው እሱ ነው። በሬውን የገዛው እሱ ነው። የእናቱ ተዝካር ነው።

እኔ ለምጄዋለሁ። ታክሲ ስጠብቅ እጄ ላይ ብር ያስቀመጡልኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱ የተማሪዬ አባት ነበር። እሱ ግን አልለመደውም። ሊነሳ ሲል ክንዱን ያዝኩት። «ትንሽ ቆይ» አልኩት። አጠገባችን የነበሩት ሽማግሌ ዳቦ ቆርሰው እጁ ላይ አደረጉ፣ «ብላ ልጄ» አሉት። በላ። ከዚያ ወንድሜ እየሮጠ መጣና ተነሳን፤ ሴትዮዋ ማን እንደሆነ ሲነገራቸው መሬት ልትውጣቸው ደረሰች። አልተቆጣናቸውም። በጨዋነት ነው ያደረጉት፣ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው።

ውስጥ ስንገባ ጉርምርምታ ተነሳ። «ተዝካር ላይ ውሻ?» አንድ ሰው አጥንት ወረወረለት፣ እግሬ አጠገብ ሲወድቅ ሰማሁት። ውሻው አልተነሳም። ጉርምርምታውን ያስቆሙት የአክስቴ የንስሐ አባት ናቸው። «ጦቢትን ረሳችሁት?» አሉ። «ጦቢት ዓይነ ስውር ነበር። ልጁ ጦቢያ መንገድ ሲወጣ ሩፋኤል መራው፣ ውሻውም ተከተላቸው። የአልዓዛርንስ ቁስል ማን ላሰለት?» ከዚያ ጠላቸውን ጠጡ። ሌላ ስብከት አላደረጉም፣ ሌላም ሰው አላጉረመረመም። የአክስቴ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ግን ውሻውን ወደ ግቢው አላስገባም። ማንም ሳይጠይቀው ውሻውን ቤት ትቶ የወንድሜን ክርን ይዞ ሄደ። ክርን ያልኩት አውቄ ነው። ዓይነ ስውር ስትመሩ ክርናችሁን ስጡት፣ እሱ ይያዛችሁ። እናንተ ይዛችሁ አትግፉት። ደረጃ ሲመጣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ንገሩት። በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

በሦስተኛው ሳምንት ሄደ። ሰፈሩ ጭር አለ። ልጆቹ ለእኔም መንገድ መልቀቅ ለምደው ነበር፣ «ቲቸር፣ በግራ ሞተር አለ» ይሉኛል። ውሾቹ ግን እንደገና ተፈቱ። ባጃጁ ደግሞ ድሮም ለእኔ ይቆም ነበር፣ አሁን ግን ተራ አስከባሪው ስሜን ይጠራል።

የቀረው የወፍጮ ቤቱ ቦይ ነው። የአክስቴ ልጅ በዚያ በኩል ስላልሄደ አልተከደነም። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር አምስተኛ ጊዜ ገባሁበት። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ በወሩ መጨረሻ እድር ስብሰባ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ምንም አልጻፍኩም። ቦዩ ይከደን አልኩ። ገንዘብ የለም ተባለ። ክረምቱ ይውጣ ተባለ።

ዳኛው ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ። «ልጄ፣ ውሻው ሊመለስ ነው እንዴ?»

ትንሽ አሰብኩ። «አዎ፣ ለመስቀል ይመጣል። ያን ጊዜ በወፍጮ ቤቱ በኩል ነው የሚሄደው» አልኩ።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ተከደነ። ማታ ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ስነግረው ሳቁ አላቆም አለው፤ እኔ ደግሞ ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ እንደምናገር እያሰብኩ ነው።